የጾም ማዕድና የጡንቻ መመለስ



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ፣ ብዙ ኪሎ የቀነሰ ሰው ሥጋና ወተት በሌለበት ማዕድ የመነመነ ጡንቻውን መመለስ ይችላል ወይ የሚል ነው። ጥያቄው በየቤታችን ያለ ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሑመራና መተማ ወርዶ ካላዛር ይዞት የተመለሰ ጎልማሳ፣ ትኩሳቱ ለወራት አመንምኖት፣ ጣፊያው አብጦ ጎንደር ሆስፒታል ይደርሳል፤ መድኃኒቱ በሽታውን ሲያስለቅቀው ክንዱ የልጅ ክንድ አክሎ ይገኛል። በቲቢ የከሳውም፣ ከቀዬው ተፈናቅሎ የተራበውም እንዲሁ ነው። በሌላ በኩል የስኳር በሽታና የደም ግፊት ያስጨነቃቸው የከተማ ሰዎች የሐኪም ምክር ሰምተው 20 ወይም 30 ኪሎ ይቀንሳሉ፤ ስኳራቸው ይስተካከላል፣ ደረጃ መውጣት ግን ይከብዳቸዋል። እነዚህ ሰዎች ወደ ክሳት የመጡበት መንገድ ለየቅል ቢሆንም አሁን የሚያስፈልጋቸው ነገር አንድ ነው፤ የጠፋው ጡንቻ መመለስ አለበት። ቤተሰብ መልሱን የሚፈልገው በቅልጥምና በእንቁላል ነው። ይሁንና ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን፣ ጾመ ነቢያትን፣ ጾመ ሐዋርያትን፣ ፍልሰታንና ነነዌን የሚጾም ምእመን በዓመት ወደ 180 ቀን ገደማ ከእንስሳት ተዋጽኦ ይርቃል። በጾም ምግብ ጡንቻ የማይመለስ ከሆነ የዓመቱ ግማሽ ባከነ ማለት ነው። እኔ የማምነው አልባከነም ብዬ ነው። ጡንቻ የሚመለሰው በሦስት ነገር ነው፦ በቂ ምግብ፣ በቂ ፕሮቲን፣ ቀስ በቀስ ክብደቱ የሚጨምር የጉልበት ሥራ። የጾም ማዕድ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን መስጠት ይችላል። ሦስተኛውን ግን የፍስኩም ማዕድ ቢሆን አይሰጥም፤ ብዙ ሰው ሳያገግም የሚቀረውም እዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያ፣ ሰው ሲከሳ የሚጎድለው ምን እንደሆነ እንይ። ሚዛን ላይ የቀነሰው ሁሉ ስብ አይደለም። ወፍራም ሰው ምግብ በመቀነስ ብቻ ሲከሳ፣ ከጎደለው ኪሎ ሩብ ያህሉ ስብ ያልሆነው የሰውነት ክፍል ነው፤ ጡንቻም እዚያው ውስጥ አለ። በረኃብና በትኩሳት የከሳ ሰው ላይ ጉዳቱ ከዚህ ይብሳል። ለመሆኑ የጎደለው እንዴት ይመለሳል? በዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ ከተደረጉት ጥናቶች በጥልቀቱ የሚጠቀሰው አንሰል ኪይስ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 የመራው ነው። 36 ጤነኛ ወጣት ፈቃደኞች በጦርነት የተራበውን አውሮፓ በሚመስል ድንች፣ ዳቦና ሥራ ሥር የበዛበት አነስተኛ ምግብ ለ24 ሳምንታት ቆዩ፤ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ከዚያ በኋላ በተለያየ መጠን ሲመገቡ ሁለት ነገር ታየ። የመጀመሪያው፣ ጠቅላላው የምግብ መጠን ካልጨመረ በስተቀር ተጨማሪ ፕሮቲንና ቫይታሚን ብቻውን ብዙም አለመጥቀሙ ነው። ሁለተኛው፣ ስብ ከጡንቻ ቀድሞ መመለሱ ነው፤ ሰዎቹ የቀድሞ ክብደታቸውን ባገኙ ጊዜ የተሸከሙት ስብ ከፊተኛው በልጦ ነበር። ስለዚህ ካገገመ ዘመዳችን ጋር ስንገናኝ ጉንጩን አይተን «ተመስገን፣ ድነሃል» የምንለው ፍርድ በቂ አይደለም። ጉንጭ ሲሞላ ጭን ባዶውን ሊቀር ይችላል።

ይህ የረኃብ ታሪክ ነው፤ ፈቅዶ የቀነሰውን አይመለከትም የሚል ይኖር ይሆናል። ይመለከተዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ ጥናት ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆነ 160 ወፍራም ሰዎችን ለ6 ወራት ተከታትሏል። ክብደት እንዲቀንሱ ከተደረጉት መካከል አንዱ ቡድን እንደ እርምጃ ያለ ልብ የሚያሠራ እንቅስቃሴ፣ ሌላው ክብደት የማንሣት ሥራ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም አጣምሮ ይሠራ ነበር። ሁሉም ከክብደታቸው 9 በመቶ ያህል ቀነሱ። ስብ ያልሆነው አካላቸው ግን በመጀመሪያው ቡድን 5 በመቶ፣ በሁለተኛው 2 በመቶ፣ በሦስተኛው 3 በመቶ ነበር የጎደለው። የቀነሱት ኪሎ ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ፣ ጡንቻን ይዞ በመቅረት የተለያዩት በሠሩት ሥራ ነው። በየማለዳው ከጎንደር አጠገብ ካለችው ከወለቃ እስከ ከተማው ፒያሳ በእግር የሚሄድ ሰው ለልቡ መልካም እያደረገ ነው፤ ጡንቻውን ለመመለስ ግን ክብደት ማንሣትም ያስፈልገዋል።

ምግብና ሥራ ለየብቻ ምን እንደሚያደርጉ የለየው ደግሞ ማሪያ ፊያታሮኔና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1994 በዚያው መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ነው። 100 የደከሙ አረጋውያን ነበሩ፤ አማካይ ዕድሜያቸው 87 ነው። አንዳንዶቹ ክብደት በመግፋት ሠለጠኑ፣ አንዳንዶቹ ገንቢ መጠጥ ተሰጣቸው፣ አንዳንዶቹ ሁለቱንም አገኙ፣ የቀሩት አንዱንም አላገኙም። ከ10 ሳምንታት በኋላ የሠሩት ሰዎች የጡንቻ ጉልበት ከእጥፍ በላይ አደገ፤ ያልሠሩት ሰዎች ጉልበት ግን ባለበት ቀረ ማለት ይቻላል። ገንቢ መጠጡ ብቻውን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። ከእነዚህ ጥናቶች የምረዳው፣ ምግብ ጡንቻ የሚሠራበት ቁሳቁስ መሆኑን፣ ይሠራ የሚለውን ትእዛዝ የሚያስተላልፈው ግን ሸክም መሆኑን ነው። እንግዲህ የጾም ምግብ ጡንቻ አይመልስም የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ትእዛዙ ካልደረሰው ሰው ነው። ያ ሰው በፋሲካ ማግስት ሥጋ ቢበላም ጡንቻው ከዚህ የተሻለ አይታዘዝለትም።

ወደ ቁሳቁሱ እንምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ አዋቂ በቀን ለእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ 0.83 ግራም ፕሮቲን ይበቃል ይላል። ጡንቻ ለመጨመር ክብደት የሚያነሣ ሰው ግን ከዚህ ይበልጥ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የ49 ጥናቶችን ውጤት በአንድ ላይ የመረመሩ ሊቃውንት ጥቅሙ በአማካይ 1.6 ግራም አካባቢ ጣሪያ እንደሚነካ አሳይተዋል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የመጀመሪያው ወደ 50 ግራም፣ ሁለተኛው ወደ 96 ግራም ይሆናል። አሁን ሌማታችንን እናስላ። በ100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ 12 ግራም ያህል ፕሮቲን አለ። በ100 ግራም ደረቅ ሽምብራ 20፣ በአተር 23፣ በምስርና በባቄላ 25 ግራም ገደማ ይገኛል፤ በአኩሪ አተር 36 ይደርሳል። በቀን 300 ግራም የጤፍ ዱቄት በእንጀራ መልክ የበላ ሰው 36 ግራም አገኘ። እንጀራውን በቀጭን ሽሮ ከበላና ለድርሻው የገባው የሽሮ ዱቄት 40 ግራም ከሆነ 9 ግራም ጨመረ፤ ድምሩ 45 ነው፣ ለመሰንበት እንኳ ይጎድላል። ይኸው ሰው በቀኑ ውስጥ ወፍራም ሽሮ፣ ምስር ወጥና አሹቅ ወይም የሽምብራ ንፍሮ ቢያገኝ፣ ጥራጥሬው በደረቁ ሲለካ 200 ግራም ቢሆን፣ 45 ግራም ያህል ይጨምርለታል። 50 ግራም ለውዝ ወይም ሰሊጥ ሲታከልበት ድምሩ 90 ገደማ ይደርሳል። ማዕዱ ያው የጾም ማዕድ ነው፤ የተለወጠው ድርሻው ነው። እንጀራው አጃቢ፣ ወጡ ዋና መሆን አለበት። ከክሳት የወጣ ሰው በቂ ካሎሪም ስለሚያስፈልገው ዘይት፣ ኑግ፣ ተልባና ሱፍ አይከልከል፤ ፈቅዶ የቀነሰው ደግሞ ዘይቱን መጥኖ ጥራጥሬውን ያብዛ።

እዚህ ላይ ትልቁ ተቃውሞ ይመጣል፤ የእህል ፕሮቲን የሥጋን አያህልም ይባላል። ከፊል እውነት አለው። የሰው ሰውነት ከምግብ ብቻ የሚያገኛቸው አሚኖ አሲዶች አሉ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ላይሲን በስንዴ፣ በበቆሎና በማሽላ አነስተኛ ነው፤ ጤፍ ከእነሱ ቢሻልም ብቻውን አይበቃም። ጥራጥሬ ደግሞ ላይሲን ሞልቶት ሜታዮኒን ይጎድለዋል፤ ሜታዮኒን በእህልና በሰሊጥ ውስጥ ይገኛል። እንጀራና ሽሮ አንድ ላይ ሲበሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል፤ በአንድ ጉርሻ መገናኘትም የለባቸውም፣ በአንድ ቀን ውስጥ መበላታቸው ይበቃል። ታዲያ በተግባር ውጤቱ ምን ይመስላል? እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የብራዚሉ ሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ከእንስሳት ተዋጽኦ የራቁ 19 ወጣቶችንና ሁሉን የሚበሉ 19 ወጣቶችን ለ12 ሳምንታት፣ በሳምንት ሁለት ቀን ክብደት አሠርቷቸዋል። የሁለቱም ወገን ፕሮቲን ለአንድ ኪሎ 1.6 ግራም ነበር። በመጨረሻ በጡንቻ መጠንም በጉልበትም ልዩነት አልተገኘባቸውም። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት 10 ታዋቂ የረጅም ርቀት ሯጮቻችን የሚበሉትን መዝኖ፣ ለአንድ ኪሎ ወደ 1.8 ግራም ፕሮቲን እንደሚያገኙ፣ ከዚህም ሦስት አራተኛው ከእህልና ከጥራጥሬ እንደሚመጣ አሳይቷል። ሯጭ ጡንቻ ለማብዛት አይሠለጥንም፤ ስለዚህ ይህን ለጡንቻ ማደግ ማስረጃ አላደርገውም። የእኛ ማዕድ ብዙ ፕሮቲን ማቅረብ መቻሉን ግን በግልጽ ያስረዳል።

ተቃዋሚው አሁንም አይረታም። የብራዚሎቹ ወጣቶች ጤነኞች ነበሩ፣ የጎደላቸውንም በአኩሪ አተር ዱቄት ነበር የሚሞሉት ይላል። ልክ ነው፤ ስለዚህም ታሞ የተነሣና ዕድሜው የገፋ ሰው በ12 ሳምንት እንደ እነሱ ይሆናል ብዬ ቃል አልገባም። ፊያታሮኔ እንዳሳየችው ግን በ87 ዓመትም ጡንቻ ለሸክም ምላሽ ይሰጣል። የታሸገ ዱቄት መግዛት ለማይችል ደግሞ ከሽሮ እህል ጋር ጥቂት አኩሪ አተር ቆልቶ ማስፈጨት ይቻላል። የጥራጥሬ ሌላው ችግር በውስጡ ያለው ሁሉ ሰውነት ውስጥ አለመግባቱ ነው፤ ፋይቴት የሚባለው ንጥረ ነገር ብረትንና ዚንክን ይዞ ያስቀራል፣ ሆድም ይነፋል። ለዚህ መፍትሔው እናቶቻችን እጅ ላይ ነው። በቆልት እንዴት እንደሚሠራ አስቡ፤ ባቄላው ታጥቦ ሌሊቱን በውኃ ይዘፈዘፋል፣ ጠዋት ውኃው ተደፍቶ በእርጥብ ጨርቅ ይጠቀለላል፣ ሁለት ሦስት ቀን እርጥበቱ እንዳይደርቅ እየተጠበቀ ነጭ ቡቃያ ሲያወጣ ይቀቀላል። ባቄላው ሲበቅል ፋይቴቱን የሚያፈርስ ኢንዛይም ይነሣበታል፤ ብረቱና ዚንኩ ይለቀቃል። የእንጀራ ሊጥ በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን መቆየቱም፣ የስልጆ መብላላትም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ቃሪያና ሎሚ ብረቱ እንዲገባ ያግዛሉ፤ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ቡናና ሻይ ግን ያግዱታል፣ ስለዚህ ቡናው ከማዕዱ አንድ ሰዓት ይራቅ። ሆዱ ጥራጥሬ ያልለመደ ሰው በአንድ ቀን አያብዛው፤ በየሳምንቱ እየጨመረ ያስለምደው።

ጥራጥሬ ፈጽሞ የማይሰጠው አንድ ነገር አለ፤ ቫይታሚን ቢ12። አዋቂ ሰው በቀን 2.4 ማይክሮግራም ያስፈልገዋል፣ በእጽዋት ምግብ ውስጥ ግን አስተማማኝ ምንጭ የለውም። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያከማች ጾሞ የሚፈታ ጤነኛ ሰው ወዲያው አይጎዳም። ዓመቱን ሙሉ ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚርቅ ሰው ግን እንክብሉን ከፋርማሲ መውሰድ አለበት፤ የቢ12 እጥረት ነርቭን ይጎዳል፣ ነርቭ የተጎዳበት ጡንቻ ደግሞ ብርታት አያገኝም። ሜትፎርሚን የሚወስዱ የስኳር ሕመምተኞች መድኃኒቱ ራሱ ቢ12ን ስለሚቀንስባቸው ደማቸውን ያስመርምሩ። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው የፕሮቲኑን መጠን ከሐኪሙ ጋር ይወስን። በረኃብ ወይም በበሽታ እጅግ የከሳ ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት በሐኪም ክትትል ይመገብ፤ ባዶ የቆየ ሰውነት በድንገት ብዙ ሲበላ የደሙ ማዕድናት ተዛብተው ሊሞት ይችላል። ስለ ጾም ሰዓትም ይጠየቃል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ጤነኛ ሰው ክብደት የማንሣቱን ሥራ ከማዕዱ አቅራቢያ ያድርገው፤ ሲፈታና ከመተኛቱ በፊት ሁለት ጊዜ በደንብ ይብላ። የታመመውን ግን ቤተ ክርስቲያን ራሷ ታዝንለታለች፤ ፍትሐ ነገሥት በጾም ሕግ ሕመምተኛውን አያስገድድም። ስለዚህ በማገገም ላይ ያለ ሰው ከንስሐ አባቱና ከሐኪሙ ጋር ይማከር። እኔ የምከራከረው ሕመምተኛው ሥጋ ይከልከል ብዬ አይደለም፤ በጾም ምግብ ለመቆየት የፈለገ ወይም ሥጋ ለመግዛት አቅም ያጣ ሰው ተስፋ አለው ለማለት ነው።

ሌላም ጥያቄ አለ። እኛ እኮ ስንሸከም ነው የምንውለው፣ ደግሞ ምን ስፖርት ያስፈልገናል ይባላል። ወለቃ የሸክላ መንደር ናት፤ ቤተ እስራኤላውያን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላም የሸክላ ሥራው አልተቋረጠም። አፈር የምትቆፍር፣ ጭቃ የምታቦካና እንጨት የምትሸከም ሴት ጡንቻዋን ታሠራለች፤ ለጤነኛዋ ይህ ይበቃ ይሆናል። ከሕመም የተነሣችው ግን ሁለት ነገር ይጎድላታል። የሥራው ሸክም በአቅሟ ልክ አይጀምርም፤ ወይ ይከብዳታል ወይ ጭራሹን ታርፋለች። ደግሞም ዕለት ዕለት አንድ ዓይነት ሆኖ ይቆያል፤ ጡንቻ የሚያድገው ሸክሙ ቀስ በቀስ ሲጨምርበት ነው። ለዚህ ጂምናዚየም አያስፈልግም። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው፣ ስለዚህ የውኃው ጀሪካን በየቤቱ ያለ መለኪያ ነው። ደካማው ሰው እጁን ሳይደገፍ ከወንበር በመነሣትና በመቀመጥ፣ ግድግዳን በሁለት እጅ በመግፋት ይጀምር። ከዚያ አምስት ሊትር የያዘ ጀሪካን ከመሬት በጉልበቱ እጥፋት፣ ወገቡን ሳያጎብጥ ያንሣ፤ ወደ ደረቱም ይሳብ። 12 ጊዜ ማንሣት ሲቀለው አንድ ሊትር ይጨምር። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይበቃል፤ በመካከል ያለው የዕረፍት ቀንም የሥራው አካል ነው፣ ጡንቻ የሚታነጸው በዕረፍትና በእንቅልፍ ነውና። ደረቱን የሚወጋው ወይም ራሱን የሚያዞረው ሰው አቁሞ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

በመጨረሻ የኑሮ ውድነቱ ይነሣል። ምስርና ሽሮ ተወደዋል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ጥራጥሬ ሲወደድ ዓይን የሚያርፈው ጓያ ላይ ስለሆነ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ጓያ ፕሮቲኑ ብዙ፣ ዋጋው ርካሽ ነው፤ ድርቅም ይችላል። ይሁንና ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን በውስጡ ያለው መርዝ የእግርን ነርቭ ጎድቶ ሽባ ያደርጋል፤ ሽባነቱም አይመለስም። ጓያ የሚዘራባቸው የደምቢያና የሌሎች አካባቢዎች ገበሬዎች ይህን በዓይናቸው አይተዋል። ጉልበት ፈልጎ እግር ማጣት ትልቅ ጥፋት ነው። ግብጦም ፕሮቲኑ ከሲሶ ይበልጣል፤ መራራነቱ እስኪወጣ ለቀናት ውኃው እየተለወጠ ካልተዘፈዘፈ ግን ይመርዛል። ለአብዛኛው ቤት የሚሻለው ባቄላና ሽምብራ ነው። በደምቢያ ጥቁር አፈር ላይ ክረምቱ ሲወጣ የሚዘራው ሽምብራ ሲደርስ፣ በአዝመራ ጊዜ በብዛት ገዝቶ ማስቀመጥ ከወር ወር እየሸመቱ ከመኖር ይረክሳል። ቤተሰቡ ሁሉ ድርሻውን እኩል ማሳደግ ካቃተውም፣ ለሚያገግመው ሰው አንድ ጭልፋ ወፍራም ወጥ መጨመር ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው፣ ሕመምተኛን የምንሸኝበት ምክር መለወጥ እንዳለበት ነው። ዛሬ ከሆስፒታል የሚወጣ ሰው በደንብ ብላ፣ ዕረፍ ይባላል፤ ክብደት የቀነሰው ደግሞ በርታ፣ እንዳትጨምር ይባላል። ሁለቱም ምክሮች ጡንቻን ይዘሉታል። ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የሕዝብ ጤና ባለሙያዎችን ሲያሠለጥን የኖረው የጎንደር የጤና ትምህርት ቤት በዚህ ከተማ ስላለ፣ ምክሩን ለማስተካከል ከእኛ የቀረበ የለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወደ ቤት ስትገባ ሚዛኑን ብቻ አትይ፤ ሰውየው እጁን ሳይደገፍ አምስት ጊዜ ከወንበር ለመነሣትና ለመቀመጥ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅበት ትቁጠር፤ ከ15 ሰከንድ ካለፈ ጉልበቱ ገና አልተመለሰም። የንስሐ አባቱ ስለ ጾሙ ሲጠየቁ ስለ ማዕዱ ጥራጥሬም ይጠይቁ። ቤተሰቡ ካገገመው ሰው እጅ ጀሪካኑን በርኅራኄ አይቀማ፤ በልኩ ሞልቶ ይስጠው። ለውጡ በሳምንት አይታይም፤ በወራት ይታያል። በወፍራም ሽሮ፣ በበቆልትና ቀስ በቀስ አንድ አንድ ሊትር በሚጨምር ሸክም ጉልበቱን የመለሰ ሰው ግን ወደ እርሻው፣ ወደ ሸክላውና ወደ ልጆቹ ይመለሳል፤ ከሕመም መዳንም ሙሉ የሚሆነው ያኔ ነው።